የልጄን አጎበር የቀማሁበት የአዋሳ ጉዞ

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ፣ ከጎረምሶች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ብትፈርዱብኝም ግድ የለኝም። የምጽፈው እዚህ መንዝ ለቀራችሁት፣ ከደብረ ብርሃን ገበያ ወዲያ አልፋችሁ ለማታውቁት ነው። ከቤቴ እስከ አዋሳ ሄጄ ተመልሻለሁ። ካየሁት ግማሹ አሁን ሳስበው ያለምኩት ይመስለኛል። ሳይጠፋብኝ በየቀኑ ላስቀምጠው።

የሄድኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጄ አስካለ አዋሳ ከገባች አምስት ዓመት አልፏታል። ባሏ ሀመሶ ይባላል፤ የሲዳማ ሰው ነው፤ ሥራው አናጢነት፣ ሃይማኖቱ ጴንጤ ነው። ሲጋቡ አልመረቅኳቸውም። አልወደድኩትም አልኩ፣ በቃ። የመጀመሪያ ልጃቸው ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ወባ ወሰደው። እኛ ደገኞች ወባን የምናውቀው ቆላ ወርዶ በተመለሰ ሰው ነው፤ ጋቢ ደርበንለት ሲንቀጠቀጥ እናየዋለን። እዚያ ግን ወባ የቤት ሰው ናት። አሁን ደግሞ አስካለ ሰባት ወሬን ይዣለሁ ብላ ጻፈች። እናቷ በሕይወት የለችም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ሄጄ አመጣታለሁ፣ እዚህ ብርዱ ውስጥ ትወልዳለች ብዬ ቆረጥኩ። ማንንም አላማከርኩም።

የመጀመሪያው ቀን። ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አስጻፍኩ። ሊቀመንበሩ፦ «ስንት ቀን ልበል?» አለኝ። «አንድ ወር» አልኩት። «አንድ ወር ሙሉ ከአማችዎ ቤት? እርስዎ?» ብሎ ሳቀብኝ። ማኅተሙን እስኪመታ ድረስ አፈጠጥኩበት። ከዚያ ገብስ የጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ ወጣሁና ከጆንያው መሀል ተቀመጥኩ። ለልጄ ቅቤ በጨርቅ ቋጥሬ ይዣለሁ። የእኛ አገር ቅቤ መቼም ታውቁታላችሁ፤ በጥቅምት ድንጋይ ነው፣ ቢወረውሩት ሰው ይጥላል። ማታ ደብረ ብርሃን አደርኩ።

ሁለተኛው ቀን። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። አዲስ አበባን ሁሉም ሰው ስለሚያወራት እኔ አልጨምርም። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያከራየችኝ ሴት እግሬን አይታ «አባባ፣ ይህ አቧራ ከየት አገር ነው?» ብላ ሳልጠይቃት የሞቀ ውኃ በሳፋ አመጣችልኝ። ይህችን ሴት ግን አልረሳትም።

ሦስተኛው ቀን። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ሞጆን አልፎ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ መሬቱ ተዘረጋ። በእኛ አገር ዓይን ብዙ አይሄድም፤ ገደል ይመልሰዋል። እዚያ ግን ዓይንህን ትለቀዋለህ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ግራር መሀል ይጠፋል፣ አይመለስም። ሙቀቱ አፈዘዘኝ። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም፤ በመስኮቱ ሐይቅ ያልፋል፣ ደግሞ ሐይቅ ያልፋል፣ ያው አንዱ ሐይቅ የሚከተለኝ ይመስለኛል።

ያነቃኝ ጩኸት ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ነች፤ ጠና ያለች፣ የተከናነበች፣ ጣቃ ጨርቅ በጭኗ የያዘች።

«ኧረ አባባ! ምንድነው የሚፈሰው?»

ቅቤዬ ነው። ቀልጦ፣ ጨርቁን አልፎ፣ የእሷን ቀሚስ አልፎ፣ ጫማዋ ውስጥ ገብቷል። አፍሬ በጋቢዬ ጫፍ ልጠርግላት ጎነበስኩ። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ እያየች መሳቅ ጀመረች።

«ቅቤዎ ከእርስዎ ቀድሞ አዋሳ ሊገባ ነው!»

«የኛ አገር ቅቤ እንዲህ አያደርግም» አልኳት።

«አይ፣ የናንተ አገር ቅቤ ፀሐይ አይቶ አያውቅማ!»

ዘይነባ ትባላለች፤ አዋሳ ጨርቅ ትነግዳለች። የማን እንግዳ እንደሆንኩ ስነግራት ጉልበቷን መታች። «የአናጢው የሀመሶ አማት! ቀበሌያችን አንድ ነው። የሱቄን መደርደሪያ የሠራልኝ እሱ ነው። እኔው አደርስዎታለሁ» አለች። የቀረውን ቅቤ ከጣቃዋ መጠቅለያ በቀደደችው ላስቲክ ቋጠረችልኝ፤ ጀንበር ሳትጠልቅም እጄን ይዛ እልጄ ደጅ አደረሰችኝ።

አስካለ ሆዷ ቀድሟት ወጣች። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ አቧራ ገብቶብኝ ነው። ሀመሶ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፣ እግሬን በገዛ እጁ አጠበ፣ ቀና ብሎ እንኳ ፊቴን አላየኝም። ቆጮና ዓሣ ቀረበ። ቆጮውን በላሁ፤ የእኛ ቂጣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይህ ግን እንደ ቆዳ ይሳባል፣ ጣዕም አለው። ዓሣው ግን ከነጭንቅላቱ ነበርና አፍጥጦ አየኝ፤ ተውኩት።

«እወስድሻለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት» አልኳት ልጄን ገና ሳልጠግብ።

ሀመሶ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። አስካለ ግን ተነሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ጓዳው ውስጥ አንዲት አልጋ አለች፤ በአልጋዋ ላይ ከጣሪያው የወረደ ነጭ፣ ስስ ነገር ተንጠልጥሏል።

«ሙሽራ አለች እንዴ?» አልኳት።

«አጎበር ነው አባዬ። ወባዋን የምታመጣው ቢምቢ የምትነድፈው ሲመሽ ነው። ልጄ ከሞተ በኋላ ሀመሶ ስንት ቦታ ጠይቆ አገኘው። ክሊኒክ ያለችው ሴት፣ ነፍሰ ጡር ከዚህ ውጭ አትተኛ ብላኛለች። ይህ ካለልኝ ምን ልሆን ነው? መንገዱ ነው ይልቅ የሚጥለኝ። አልሄድም።»

የአጎበሩን ጫፍ ያዝኩት፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ነፋስ ያልፋል፣ ቢምቢ አታልፍም። የእኛ አገር ሸማኔ ብርድ ለመመለስ ነው የሚሠራው፣ ባጠበቀው ቁጥር ይመሰገናል። ነፋሱን ግባ ነፍሳቷን ውጪ የሚል ጨርቅ አይቼ አላውቅም።

«በሉ እዚህ ይተኙ» አለችኝ።

«እናንተስ?»

«እኛ ሌላ አለን።»

ገባሁ። አስካለ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ወተፈችልኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እናንተ ጠዋት በራችሁን ስትከፍቱ ጉም ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ በግ ከድንጋይ የማይለይበት ቀን አለ አይደል? እንዲያ ነው። በጉም ውስጥ ጋደም አልኩ፤ ግን ጉሙ ይሞቃል። ከውጭ ቢምቢዎቹ ይዘፍናሉ፤ ቀጭን፣ ሩቅ፣ ልክ ከተራራ ማዶ ሰርግ ያለ ይመስላል። ወደዚያ ሰርግ፣ የሞተችው ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትሄድ አየኋት። ስጠራት ዞራ «አንተ ተኛ» አለችኝ። ተኛሁ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ አላውቅም።

አራተኛው ቀን። ሀመሶ ከሥራ በፊት ቀበሌ ወስዶ በእንግዳ መዝገብ አስመዘገበኝ፤ ያለዚያ ጠባቂዎቹ ያዋክባሉ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁን አሳየኝ። ውኃው ሰማዩን ወስዶታል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለይ አልኩ። ራሰ በራ የሆኑ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳ ይሏቸዋል፣ ልክ እንደ እኛ ደብር ሽማግሌዎች ትከሻቸውን ሰብስበው ቆመዋል። አንዱን ትክ ብዬ ባየው እሱም ትክ ብሎ አየኝ። እኔ ዓይኔን አላነሣሁም፣ እሱም አላነሣም። ሀመሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «አባቴ፣ እሱ አያሸንፉትም» አለኝ። «እሱን» ማለቱ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ከአማርኛ ሌላ የማላውቅ እኔ ምን አገባኝ፣ አላረምኩትም። ያን ቀን ልጄን መውሰዱን በልቤ ተውኩት። እንዲህ ያለ አጎበር ካላት እዚሁ ትውለድ፣ እኔም ወሩን እዚህ ልቀመጥና የልጅ ልጄን ልየው አልኩ።

አምስተኛው ቀን። ሊነጋጋ ሲል ለጸሎት ወጣሁ። ሰማዩ ገና እንደ አመድ ነው። ከጓሮ ካለው ማድ ቤት ሸርተት የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሄድኩና በስንጥቁ አየሁ።

አስካለ መሬት ላይ፣ ሰሌን ላይ ተኝታለች። ነጠላዋን ተከናንባለች፣ ክንዷ ግን ወጥቷል፤ ምስር የተበተነበት ይመስል ቀልቷል። ሀመሶ ራስጌዋ ቁጭ ብሎ በካርቶን ያራግብላታል። ዓይኑ ተከድኗል፤ እጁ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያ እንዳደረ ከትከሻው ያስታውቃል።

ሌላ አጎበር የላቸውም። ያቺው አንዷ ነች። እኔ ጉም ውስጥ ሲዘፈንልኝ ሳድር ቢምቢው የሚበላው ልጄንና በሆዷ ያለውን ነበር። እኔ አገር አቋርጬ ከወባ ላድናት መጥቼ፣ ወባውን ያመጣሁባት እኔው ነኝ።

በሩን በእግሬ ከፈትኩት።

«ምን የሚሉት ሥራ ነው ይሄ?»

ሀመሶ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ካርቶኑን ከኋላው ደበቀ። «አባቴ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት።»

«እሷስ ምንድነች? ሰባት ወሯ አይደለም?»

«አባዬ፣ ይተዉ» አለች አስካለ። «አባቱን የሚያህል ሰው መሬት አስተኛ ከሚባል ቢሞት ይሻለዋል። እኔም ብሆን...»

«ዛሬ አልጋው ላይ አልተኛም።»

«ካልተኙ እኔ ነገ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» አለ ሀመሶ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ማታ እንዳልኩት ደጃፉ ክፍል ሰሌን ዘርግቼ ተጋደምኩ። ሀመሶ ደግሞ «አባቴ መሬት ከሆኑ እኔ አልጋ አልወጣም» ብሎ በስተግራዬ ተጋደመ። አስካለም «ሁለታችሁ መሬት ሆናችሁ እኔ ንግሥት ነኝ?» ብላ በስተግራው ሰሌን አነጠፈች። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አልሰሙኝም። ሦስታችንም ስናጨበጭብ አደርን፤ አንዱ ጉንጩን ሲመታ ሌላው ክንዱን። አልጋዋ ግን በጓዳ፣ በነጭ አጎበር ተከልላ፣ ፍራሿ ሳይረገጥ፣ ብቻዋን ተከብራ አደረች።

ስድስተኛው ቀን። እልህ ሲይዘኝ እንደምሄድ ታውቃላችሁ። ሀመሶ ሥራ እንደገባ ቀጥ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። ችሎት የሚውልበት ቀን ነበር። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሦስት ዳኛ አለው፤ አንደኛው ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሁለተኛው ማኅተም ያዥ ጎረምሳ፣ መሀል የተቀመጠችው ሰብሳቢ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ቅቤዬን ጫማዋ ውስጥ ያፈሰስኩባት ዘይነባ!

«ከሳሽ?» አለች፣ እንደማታውቀኝ ሆና።

«እኔ።»

«ተከሳሽ?»

«አማቼ፣ ሀመሶ።»

«ምን አደረገዎት?»

«አከበረኝ።»

ሸንጎው ሳቀ። ጥበቃው በር ላይ ሆኖ «በዚህማ የሚከሰስ ካለ እኔን ክሰሱኝ» አለ። ዘይነባ ጠረጴዛውን መታች።

«አባባ፣ እንደዚህ ያለ ክስ የለንም።»

«ይኑራችሁ» አልኩ። ከዚያም እንደ ነበረ ነገርኳቸው፤ አጎበሩን፣ ማድ ቤቱን፣ ካርቶኑን፣ ባዶ ያደረችውን አልጋ። የሞተውን ልጅ ስነግር ሳቁ ቆመ። ጡረተኛው አስተማሪ መነጽሩን አወለቀ። ዘይነባ ሀመሶን ጥሩ ብላ ላከች። ሰጋቱራ እንደለበሰ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ሀመሶ፣ የቀረበብህን ክስ ታምናለህ?»

«አምናለሁ። ግን ደግሞ አደርገዋለሁ።»

«ለምን?»

«አባቷ ናቸው። ሲጋቡ... ስንጋባ አልመጡም። አምስት ዓመት ጠብቄአቸዋለሁ። ዛሬ ቤቴ መጡ። መሬት ላስተኛቸው?»

ይህን ሲል ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አምስት ዓመት ያልመረቅኩት ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰው ፊት ምን ዓይነት ፊት ይያዛል?

ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ዘይነባ ቆማ አነበበች፦ ነፍሰ ጡሯ ከዛሬ ጀምሮ አጎበሩ ውስጥ ትተኛ፤ ባሏም አብሯት ይተኛ፤ እንግዳው የፈለገውን ያህል ሽማግሌ ቢሆን በአጎበሩ ላይ መብት የለውም፤ ይህን የጣሰ የቀበሌውን ግቢ አንድ ሳምንት ይጠርጋል። ማኅተም ተመታበት። ሀመሶ ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው፤ ከትከሻው ላይ ጆንያ ያወረዱለት ይመስል በረጅሙ ተነፈሰ። ሰው ቢጠይቀው አሁን መልስ አለው፦ እኔ አይደለሁም፣ ሸንጎው ነው።

ስወጣ ዘይነባ ተከትላኝ «እርስዎስ አባባ? ቢምቢው ይምርዎታል?» አለችኝ።

«እኔን ትብላኝ፤ ሥጋዬ ደርቋል፣ ጥርሷ ይሰበራል» አልኳት።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን። አስካለ አጎበሯ ውስጥ ገባች። ለሁለት ቀን ፊቷ ወዝ ሲመለስበት አየሁ። እኔ ደጃፉ ክፍል ባናዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ እተኛለሁ፤ የመንዝ በግ ጠጉር ለአዋሳ ሙቀት አልተፈጠረም፤ ቀቀለኝ። ነገር ግን በሁለቱም ሌሊት፣ ገላጥ ባደረግኩ ጊዜ፣ ለስ ያለ ንፋስ ፊቴ ላይ ይመጣል። ሕልም ነው ብዬ ነበር። ኋላ ዓይኔን ስገልጥ ሀመሶ ነው፤ ራስጌዬ ቁጭ ብሎ በዚያው ካርቶን ያራግብልኛል።

«ሸንጎው ምን አለህ?» አልኩት።

«ሸንጎው ስለ መተኛት ነው የፈረደው» አለኝ። «ስለ ማራገብ ምንም አላለም።»

ይህን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ቀን መጋዝ የሚይዝ ሰው ሌሊት ካልተኛ ጣቱን ይቆርጣል። እኔ እዚያ ቤት እስካለሁ ድረስ አይተኛም፤ ነገሩ ገባኝ። ወረቀቴ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፣ የልጅ ልጄን ሳላይ መሄድ ከበደኝ፤ ግን ቆረጥኩ።

ዘጠነኛው ቀን። ጠዋት ጓዜን ስሸክፍ አስካለ አለቀሰች። ሀመሶ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። አስካለን በቀኜ፣ እሱን በግራዬ አቆምኳቸው፤ አምስት ዓመት የዘገየውን ምርቃት ዝርዝር ሳላስቀር መረቅኩ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ አጎበራችሁ አይቀደድ አልኩ። እሱ በራሱ ደንብ «አሜን» ሲል ጮክ አለ። ምንም አላልኩትም። አውቶቡስ ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ፤ ዘይነባም መጣች፤ ለመንገድ ዳቦና «ለእንቅጥቅጡ» ብላ ከክሊኒክ ያስገዛችውን ኪኒን አሸከመችኝ።

ኪኒኑ ጠቀመኝ። መንዝ ገብቼ ጥቂት ቆይቶ ወባዬ ተነሣ። እንደምታስታውሱት ሦስት ጋቢ ደርባችሁልኛል። እናንተ ስታዝኑልኝ እኔ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያቺ የነደፈችኝ ቢምቢ አስካለን ልትነድፍ የመጣች ነበረች። ትኩሳቱ ሲወጣ ሲወርድ ሐይቁ ቤቴ ገብቶ መደቤን ከብቦት አየሁ፤ አልፈራሁትም።

ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤ መጣ። ማንም አላነበበልኝም፣ እኔው ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ሴት ልጅ ወልዳለች። ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ ሦስት ሆነው አጎበሩ ውስጥ ይተኛሉ። ሀመሶ በእጁ ጽሑፍ «አባቴ፣ መቼ ይመጣሉ? አልጋው ይጠብቃል» ብሏል። እንግዲህ አልገባውም ማለት ነው።

በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ወርጄ ጨርቅ ነጋዴዎቹን አንድ በአንድ አጎበር ጠየቅኩ። አንዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ እጁን እያሻሸ ሳቀብኝ።

«አባት፣ በዚህ ብርድ ምን ቢምቢ አለና ነው? ከምን ሊከልልዎት?»

«ከአማቼ አክብሮት» አልኩት።

ግራ ገባው፤ ግን ከአዲስ አበባ አመጣልዎታለሁ ብሏል። በየሳምንቱ እየወረድኩ እጠይቀዋለሁ፤ ሲያየኝ መደበቅ ጀምሯል። ልጅቷን የማየት ጉጉት በሕልሜ እንኳ አላስቀመጠኝም። ቢሆንም የራሴን አጎበር በብብቴ ሳልይዝ እዚያ ደጅ አልቆምም።